የሳይሚ ክንድ

ሌሊት ነው በኩኦፒዮ፤ ሐይቁ በረዶ ለብሷል፣
ከግድግዳው ማዶ ግን ጥፍር ቆዳ ያርሳል።
አራት ዓመቷ ነው ሳይሚ፤
በእንቅልፏ ትፎክታለች፣
እናቷ ሂልካ ነቅታ
በጨለማ ትቆጥራለች፦
አንድ... ሁለት... ዘጠኝ... ዝም።
ተመስገን ልትል ስትል ከአንድ ይጀምራል እንደገና።
ችፌ እንዲህ ነው፤
የሚታመም አንድ ሰው፣ ቤት ሙሉ አይተኛምና።

ሂልካ ያልሞከረችው የለም።
አንሶላውን ቀቀለች፣
ምንጣፉን ጠቅልላ ጣለች፣
ድመቲቱን ለእህቷ ሰጥታ
ሦስት ቀን አለቀሰች።
በሳሙና ላይ ሳሙና፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣
ልጇን እንደ ብርጭቆ አጥባ፣ እንደ ብርጭቆ ወልውላ አብርታ፣
ቆሻሻ ነው ያለችውን ሁሉ
ከክንዷ ላይ አባረረች፤
ከተባረሩት መሃል
ዘበኞቹም እንዳሉ
ማን ይንገራት? አላወቀች።

እህትየዋ ታርያ፣ ድመቲቱን የወሰደችው፣
ቤተ ሙከራ ነው የምትውለው፤
የሰው ጉሮሮ፣ የሰው ቁስል፣ ቁጥር ተለጥፎበት ነው የምታውቀው።
አንድ እሑድ መጣች፤ በቀጭን እንጨት ጥጥ ጠቅልላ
የሳይሚን የክርን እጥፋት ዳበሰችው፣
«አያምሽም፤ እንግዶችሽን ልቁጠር» ብላ።
«ስንት ናቸው?»
«ከዚህች ከተማ ሕዝብ ይበልጣሉ።»
«ይነክሳሉ?»
«አንዳንዶቹ። የቀሩት ጎረቤት ናቸው፤ ዝም ብለው ይኖራሉ።»

በሁለተኛው ቀን ሳህኑ ሲከፈት
ወርቅ ነው የሞላበት፤
ክብ ክብ፣ ብጫ፣ የሚያብረቀርቅ፤
ሊቃውንቱም ስም ሲያወጡለት ያሉት ይህንኑ ነው፦ ወርቅ።
ቅኔ ቢሆን ደስ ባለን፤
ሰሙን አቅልጠን ወርቁን በለቀምን።
እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤
ወርቁ ነው ቆዳ የሚበላው፣
ሰሙ ነው የሚያድነው፤
ያ ተራ ቅባት፣ ገላ ራሱ የሚያመነጨው፣
ከሳይሚ ላይ ከልደቷ ጀምሮ የሳሳው፣
(የሂልካ ጥፋት አይደለም)
ሳሙናው ደግሞ የጨረሰው፤
ግድግዳ የነበረው፣ የዘበኞቹ ማደሪያ።
ሰሙ ሲያልቅ ወርቁ ገባ፤ ክንዷን አደረገው ገበያ።

ታርያ ሳህኑን ልታስወግድ ስትል
ከጠርዙ ላይ አንድ ነገር አየች፤
ነጭ ነጥብ፣ የጨው ቅንጣት የምታህል፣
ብቻዋን የቆመች።
ዙሪያዋ ባዶ ነው።
ወርቁ እስከ ደጃፏ መጥቶ
አልደፈረም፤ ቆሟል፤
በመካከላቸው ጭር ያለ ቀለበት ተሰምሯል።
ሰይፍ የላት፣ ጩኸት የላት፤
የምታውቀውን አንድ መራራ ነገር
ታንጠባጥባለች በዝግታ፤ ያ ነው የእሷ አጥር።
ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሉ የለ?
ታርያ በማጉያው ላይ አቀርቅራ ቀረች፤
ሻይዋ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ፤
ሳህኑ በደንቡ መሠረት ዓርብ ዕለት በእንፋሎት ተቃጠለ።

ማታ ለእህቷ ደወለች።
«ሳሙናውን ቀንሺ።
ገላዋ ሳይደርቅ፣ እርጥቡ ላይ፣ ቅባቱን አብዢ።
ሐኪሙ ያዘዘውን እንዳትተዪ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም።»
«ድመቷስ?»
«ድመቷ እኔ ጋ ደልባለች። እሷን አልመልስልሽም።»

በግንቦት ሐይቁ ሲፈታ
ሳይሚ በአያቷ በቬይኮ ማሳ ድንች ልትተክል ወጣች፤
እስከ ክርኗ ጭቃ ገባች።
ሂልካ ፎጣ ይዛ ከበሩ ቆማ
ልትጮህ አፏን ከፈተች፤
ዘጋች።

አፈሩ ፈወሳት አልልም።
ክንዷ ከዚያ ወዲህም ሁለቴ ቀልቷል፤
በኅዳር ሳምንት ሙሉ አልተኙም፤
እንዲህ ነው ብሎ የሚምል የለም።
ብቻ ትናንት ሌሊት
ሂልካ እንደ ልማዷ ነቃች፣
ከግድግዳው ማዶ አንዴ ኮሽ አለ፤
አንድ፣ አለች።
ጆሮዋን አቁማ፣ ትንፋሿን ውጣ፣
ሁለትን ስትጠብቅ ነጋ።